ቡላው በእጅ ይሄዳል ወይስ በሻንጣ?

አክስቴ አሜሪካ ያለች ልጇን ልትጠይቅ ነው። ትኬቱ ተቆርጧል። ከሐዋሳ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ዋሽንግተን። አቶቴ ያለው ቤቷ ሳሎን መሃል ሁለት ትልልቅ ሻንጣዎች አፋቸውን ከፍተው ተዘርግተዋል። ምንጣፉ ላይ ደግሞ ገበያው በሙሉ አለ። በፌስታል የታሰረ ቡላ፣ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ፣ አንድ ጣሳ ቅቤ፣ የማር ጠርሙስ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተቆላ ቡና።

"ዋና ዋናውን በእጄ ነው የምይዘው። ሻንጣ ቢጠፋስ?" አለችኝ።

ዋና ዋና የምትላቸው ቅቤው፣ ማሩና ቡላው ናቸው። ዳቦ ቆሎው ከታች፣ በሚጫነው ሻንጣ ይሂድ ብላለች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ፍተሻ ላይ ጣጣ የሚያመጡት እነዚያው ሦስቱ ናቸው። በእጅ ቢያዝ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ደግሞ ዳቦ ቆሎው ነው።

እኔ ብዙ አገር የዞርኩ ሰው አይደለሁም። ግን አንዴ ግማሽ ኪሎ የወንዶ ገነት ማር በአንድ የውጭ አገር አየር ማረፊያ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲገባ ቆሜ አይቻለሁ። ፈታሹ ክፉ ሰው አልነበረም። ጠርሙሱን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ጣለው። ከዚያ ወዲህ ደንቡን ሳላነብ ከቤት አልወጣም። አሁን ሰፈር ውስጥ መንገደኛ ሲኖር ሻንጣ የማስረው እኔ ሆኛለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ፈታሹ "ይሄ ምግብ ነው ወይ?" ብሎ አይጠይቅም። እኛ ግን ሁሌም የምንመልሰው እሱን ነው። "ኧረ ምግብ ነው! ቅቤ እኮ ነው!" እንላለን። እሱ የሚያየው የነገሩን ጠባይ ነው። ይፈሳል? ይቀባል? ይበተናል? ወይስ እንዳስቀመጡት ይቀመጣል?

ቡላ ይህን ለማስረዳት የተፈጠረ ይመስላል። ከእንሰቱ ተጨምቆ፣ ዘቅጦ ሲወጣ እርጥብ ሊጥ ነው። ሲደርቅ ነጭ ዱቄት ነው። ቅቤ ገብቶበት ገንፎ ሲሆን ደግሞ ማንኪያ የሚያስይዝ ነገር ነው። ለእኛ ሦስቱም ቡላ ናቸው። ፍተሻው ላይ ግን ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ዱቄቱ በዱቄት ደንብ ይታያል። ገንፎው እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል። እርጥቡ ሊጥ መሃል ላይ ነው። እንደ ፈታሹ ስለሆነ ዕድል መሞከር ነው።

ለራሴ የማስታውስበት ዘዴ አለኝ። ጣሳ ውስጥ ሲጨመር የጣሳውን ቅርጽ የሚይዝ፣ ወይም በቢላዋ ዳቦ ላይ የሚቀባ ነገር ሁሉ ፈሳሽ ነው። ማር ፈሳሽ ነው፤ የረጋውም ቢሆን። ቅቤ፣ እርጎ፣ አይብ፣ አዋዜ፣ ማርማላታ፣ ወጥ፣ የለውዝ ቅቤ፣ ሁሉም እዚያው ናቸው። እንጀራ ግን ጠጣር ነው። ድርቆሽ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተጋገረ ቆጮ፣ ሳምቡሳ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ብስኩት፣ ሙዝ፣ እነዚህን በእጅ ሻንጣ ይዞ መግባት ይቻላል። ጭኮ የሚያስቸግር ነው። ጠዋት በብርዱ ድንጋይ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ የሐዋሳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቀባል። ጭኮ ከታች ይሂድ።

ዶሮ ወጥ አቀዝቅዘው የሚይዙ አሉ። በአሜሪካ ደንብ የበረደ ነገር ፍተሻ ላይ ሲደርስ እንደ በረዶ ደርቆ ከተገኘ ያልፋል። ጠርዙ ላይ ቀልጦ ውኃ ካቆረ ፈሳሽ ሆነ ማለት ነው። አሁን ከሐዋሳ ተነስቶ፣ ቦሌ ሰዓታት ጠብቆ፣ ሳይቀልጥ የሚደርስ ወጥ የት ይገኛል? ከአሞራ ገደል ዓሣ በበረዶ አሽገው አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ለሚወስዱም ነገሩ ያው ነው። በዚያ ላይ ውኃው ቢንጠባጠብ ጎረቤት መንገደኛው አያመሰግንም።

መቶ ሚሊ ሊትር ከየት መጣ?

በፈረንጆች ነሐሴ 2006 (ዓ.ም. ካላልኩ ዓመቱ ሁሉ የፈረንጆች ነው) የእንግሊዝ ፖሊስ ለንደን ውስጥ ሰዎች ያዘ። ዕቅዳቸው ፈሳሽ ፈንጂ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አሽገው ወደ አሜሪካና ካናዳ በሚበሩ አውሮፕላኖች ውስጥ ማስገባት ነበር። በማግስቱ ዓለም ሁሉ ውኃ መያዝ ተከለከለ ማለት ይቻላል። ቆይቶ ላላ አለ፤ ትንሽ ትንሽ ይፈቀድ ተባለ። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንቡን ለአባል አገሮች አስተላልፎ ከመጋቢት 2007 ጀምሮ እንዲሠራበት አሳሰበ። ዛሬም አብዛኛው ዓለም የሚሠራው በዚያ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ከ100 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ሁሉም ተሰብስቦ አንድ ሊትር በሚይዝ፣ አፉ በሚዘጋ ግልጽ ፕላስቲክ ይገባል። ለአንድ ሰው አንድ ፕላስቲክ።

መቶ ሚሊ ሊትር ማለት አንድ የቡና ሲኒ ያህል ነው። ለአክስቴም ያስረዳኋት በሲኒ ነው። "አንድ ሲኒ ቅቤ ለማን ይደርሳል?" አለችኝ። ልክ ነች።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚገባበት ወጥመድ አለ። የሚታየው ዕቃው ምን ያህል መያዝ እንደሚችል ነው፤ ውስጡ ምን ያህል እንደቀረ አይደለም። የ200 ሚሊ ሊትር ሎሽን ግማሹ አልቋል ብላችሁ ብትከራከሩ የሚሰማችሁ የለም። ዕቃው 200 ስለሚል ብቻ ይቀራል። የእኔም ማር ጠርሙሱ ትልቅ ነበር፤ ተበልቶ ከሥሩ ሁለት ማንኪያ ቢቀር እንኳ ያው ነበር። ትንሽ ጠርሙስ ገዝታችሁ ገልብጡ።

ለእኛ አገር ሰው የጠርሙስ ፍርሃት ከ2006ም በፊት ይታወቃል። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 961 ተጠለፈ። ጠላፊዎቹ ቦምብ ይዘናል ብለው ነበር። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጅ እየጨረሰ መሆኑን ቢነግራቸውም አልሰሙትም። አውሮፕላኑ ኮሞሮስ ዳርቻ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰው 125ቱ አለቀ። ቦምብ ነው የተባለው በኋላ ሲጣራ የአልኮል መጠጥ ጠርሙስ ሆኖ ተገኘ። ፍተሻ ላይ "ምን አለበት፣ ጠርሙስ ነው" ስንል ይሄ ትዝ ሊለን ይገባል።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር እየመጣ ነው። አንዳንድ የአውሮፓና የእንግሊዝ አየር ማረፊያዎች ሆስፒታል እንዳለው ሲቲ ስካን ዓይነት ማሽን አስገብተዋል። ማሽኑ ሻንጣውን ዞሮ ከየአቅጣጫው ስለሚያየው ፈሳሹን ለይቶ ያውቃል። ለምሳሌ ኤድንብራ ከ2025 ጀምሮ እስከ ሁለት ሊትር የሚይዝ ዕቃ ይፈቅዳል። ይህን በዩቲዩብ ያየች ሴት ሰፈራችን ውስጥ "ደንቡ ተነሥቷል" ብላ አውርታለች። አልተነሣም። እዚያ ቢፈቀድ ትራንዚት የምታደርጉበት አገር ሊከለክል ይችላል። መንገዳችሁ ላይ ካሉት አየር ማረፊያዎች ሁሉ ጥብቅ በሆነው ደንብ ሻንጣችሁን እሰሩ።

ማሽኑ ምን ያያል?

ሻንጣችን በጥቁሩ መጋረጃ ሥር ሲገባ ባለሙያዋ ስክሪን ላይ የምታየው ፎቶ አይደለም። ቀለም ነው። ማሽኑ ሁለት ዓይነት ጉልበት ያለው ጨረር ይልካል። ነገሩ ምን ያህሉን እንደዋጠ አይቶ ከምን እንደተሠራ ይገምታል። ብረት ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። እንደ ጨው፣ ብርጭቆና አሉሚኒየም ያለው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ከዕፅዋትና ከእንስሳት የተገኘ ነገር፣ ምግብ፣ ጨርቅ፣ ወረቀት፣ ፕላስቲክ፣ ብርቱካናማ ነው።

ችግሩ ብዙ ፈንጂዎችም የተሠሩት ከካርቦን፣ ከሃይድሮጅን፣ ከናይትሮጅንና ከኦክስጅን መሆኑ ላይ ነው። እነሱም ብርቱካናማ ናቸው። ባለሙያዋ ብርቱካናማ ያለ ነገር ሁሉ አያስደነግጣትም። ሸሚዝ ስስ ብርቱካናማ ነው። የሚያስቆማት ጥቅጥቅ ያለ፣ ጠርዙ የተስተካከለ፣ ደማቅ ብርቱካናማ ጥፍጥፍ ነው። አሁን ሁለት ኪሎ ቆጮ ተጠቅልሎ፣ ተጭኖ፣ ታስሮ አስቡት። ጣሳ ሙሉ ቅቤም እንደዚያው። ከላዩ ላይ የስልክ ቻርጀር ገመድ ተጠምጥሞ፣ ጎኑ ላይ ፓወር ባንክ ሲጨመርበት ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ሥዕል ደግሞ እናንተው ገምቱ። አክስቴ ልክ እንደዚህ አድርጋ ነበር ያስቀመጠችው። "ገመዱ እንዳይጠፋ ቆጮው ላይ አሰርኩት" አለች።

ስለዚህ ምግብና ኤሌክትሪክ ነክ ዕቃ አይጎራበቱ። ምግቡ በአንድ በኩል፣ ስልክ፣ ቻርጀር፣ ባትሪ በሌላ በኩል ይሁን። ምግቡን ከላይ አድርጉት፤ ክፈቱ ስትባሉ የውስጥ ልብስ ሳትበትኑ ታሳያላችሁ። ብዙ ቦታ ላፕቶፕ አውጡ የሚሉትም ሌላውን ዕቃ ስለሚጋርድ ነው።

አንዳንዴ ትንሽ ጨርቅ ነገር እጃችሁንና ሻንጣችሁን ያብሱበትና ማሽን ውስጥ ይከቱታል። የፈንጂ ብናኝ ፍለጋ ነው። ማሽኑ እንደ ግሊሰሪን ባለ ሎሽን ውስጥ ባለ ነገር ወይም በማዳበሪያ ርዝራዥ ሊጮህ ይችላል። ማሳ ላይ ውላችሁ፣ ማዳበሪያ በትናችሁ፣ በዚያው ጫማ አትሂዱ። ቢጮህም አትደንግጡ፤ በእጅ ይፈትሹና ያልፋል።

"ጨረሩ ምግቡን አያበላሸውም?" ይሄን የማይጠይቀኝ ሰው የለም። አያበላሸውም። ጨረሩ ያልፋል እንጂ ምግቡ ውስጥ አይቀርም። ለሕፃን የተያዘም ወተት ቢሆን ይጠጣል።

ሽሮና በርበሬ

ይሄኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ከሰኔ 2018 መጨረሻ ጀምሮ፣ በፈረንጆች ማለቴ ነው፣ አሜሪካ ለሚገቡ በረራዎች የዱቄት ደንብ ወጥቷል። በእጅ ሻንጣ ያለ ዱቄት 350 ሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ አሜሪካ የሚነሳው የመጨረሻው አየር ማረፊያ ላይ ሊከለከል ይችላል። የሕፃን ወተት ዱቄትና ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት በዚህ አይያዙም።

350 ሚሊ ሊትር ከአንድ ጣሳ ለስላሳ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሽሮ ከሆነ ሩብ ኪሎም አይሞላም። እኛ ደግሞ ሽሮ በሩብ ኪሎ አንልክም። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶ፣ የደረቀ ቡላ፣ የተፈጨ ቡና፣ ሁሉም ዱቄት ናቸው። ሳይፈጭ የተቆላ ቡና ግን ፍሬ ነው። በዚህ አይነካም። እንዲያውም ሳይፈጭ መውሰዱ ለጣዕሙም ይሻላል። እዚያም ወፍጮ አለ።

ዱቄቱን ከታች ስታስገቡ ባዶ ፌስታል ብቻ አታድርጉት። ሁለት ሦስት ጊዜ አሽጉት። በላዩ ላይ በእንግሊዝኛ ምን እንደሆነ ጻፉበት። ቡላ ቢሆን "የእንሰት ዱቄት፣ ምግብ" ማለት ይበቃል። ሐዋሳ ላይ ያለች ፈታሽ ፌስታሉን ነካ አድርጋ ቡላ መሆኑን ታውቃለች። ዋሽንግተን ላይ ያለው ግን በሕይወቱ እንሰት አይቶ አያውቅም። ነጭ ዱቄት፣ ስም የሌለው፣ በጥቁር ፌስታል የተቋጠረ፤ እሱ ቦታ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?

ፍተሻ ሌላ፣ ጉምሩክ ሌላ

ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ነው ብዙውን ጣጣ የሚያመጣው። የመነሻው ፍተሻ የሚጠብቀው አውሮፕላኑን ነው። የመድረሻው ጉምሩክ የሚጠብቀው የአገሩን እርሻና ከብት ነው። ቋንጣ ለአውሮፕላን ምንም አያደርገውም። ፍተሻው ያሳልፈዋል። አሜሪካ ስትደርሱ ግን የከብት በሽታ እንዳይገባ ስለሚፈሩ ይወስዱታል። አውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከውጭ አገር መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ጨርሶ አይቀበልም። ቅቤና አይብ ማለት ነው። ማር ግን ለአንድ ሰው እስከ ሁለት ኪሎ ይፈቅዳል። ከታች ሻንጣ አስገብታችሁ ማለቴ ነው፤ በእጅማ ተነጋግረናል።

የቆጮው ኮባ ቅጠልም እዚህ ነው የሚነሳው። እርጥብ ቅጠል፣ ትኩስ ጤና አዳም፣ ከጓሮ የተለቀመ አቮካዶ፣ ነፍሳትና የዕፅዋት በሽታ ያመጣል ተብሎ ይያዛል። ቆጮውን ጋግሩት፤ ከቅጠሉ አውጡና በፕላስቲክ አሽጉት። እናቶች ይሄን አይወዱትም። ሽታው ከቅጠሉ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን ቅጠሉ አይገባም።

አሜሪካ ላይ ትልቁ ጥፋት ምግብ መያዝ አይደለም። አልያዝኩም ማለት ነው። ምግብ ይዘህ ሳትናገር ብትያዝ ቅጣቱ እስከ አሥር ሺህ ዶላር ሊደርስ ይችላል። ብትናገር ቢከፋ ዕቃው ይወሰዳል፣ ሰላም ተብለህ ትወጣለህ። ለአክስቴ ይሄን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ነገርኳት። "ምግብ ይዘሻል?" ካሉሽ "አዎ" በይ። ምን እንደሆነ ባይገባቸው እንኳ "አዎ" በይ።

ጫት ላይ አልሄድም። እዚህ በየሱቁ ይሸጣል። አሜሪካና እንግሊዝ ግን ሕገ ወጥ ነው፤ እንግሊዝ ከ2014 ጀምሮ ከልክላዋለች። "ትንሽ ናት" አይሠራም።

የግል ዕቃ

የምግቡን ያህል አያስቸግርም። ለሊፕስቲክና ለመፋቂያ ማንም አይጨነቅም። የጥርስ ሳሙና ግን ፈሳሽ ነው፤ ቫዝሊን ፈሳሽ ነው፤ የፀጉር ቅቤ፣ ቅባት፣ ሽቶ፣ የሚንከባለለው ዲኦዶራንት፣ እያንዳንዳቸው ከሲኒዋ መብለጥ የለባቸውም። ጠጣሩ ዲኦዶራንት አይቆጠርም። ጥፍር መቁረጫ ያልፋል። ምላጭ አያልፍም። መቀስ እንደ አገሩ ነው፤ አውሮፓ ስለቱ ከስድስት ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ አይፈቅድም። ከመስከረም 2001ዱ የኒውዮርክ ጥቃት በፊት አሜሪካ ውስጥ ትንሽ ቢላዋ ይዞ መግባት ይቻል ነበር ብላችሁ ማን ያምናችኋል?

ጀበና በእጅ መያዝ ይቻላል። ሸክላ ነው፤ ከታች ቢገባ ስባሪውን ነው የምታገኙት። በነጠላ ጠቅልሉት። ውስጡ ግን ባዶ ይሁን። አንድ ጓደኛዬ ጀበናው ውስጥ ካልሲና ቻርጀር ጎስጉሶ አስፈትተውታል። ብረት ዘነዘና ከታች ይሂድ፤ በእጅ ሲታይ መደብደቢያ ነው የሚመስለው። ዕጣን ሙጫ ነው፣ ችግር የለበትም። ክብሪትና ላይተር ግን ሻንጣ ውስጥ አይገባም።

መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች 100 ሚሊ ሊትሩ አይመለከታቸውም። ለጉዞው የሚበቃቸውን መያዝ ይችላሉ። ከነማሸጊያው፣ ስማቸው ካለበት የሐኪም ወረቀት ጋር ይሁን። ፍተሻው ላይ ሳይጠየቁ አውጥተው ያሳዩ። ኢንሱሊን ከታች በፍጹም አይጫንም፤ ሊቀዘቅዝና ሊበላሽ ይችላል፤ ሻንጣው ቢዘገይ ደግሞ ጉድ ነው። አክስቴ የግፊት መድኃኒቷን ከታች ከቅቤው ጎን ጠቅልላው ነበር። ቦታ አቀያየርናቸው። ቅቤው ወረደ፣ መድኃኒቱ ወጣ።

ጫማ የማስወለቁ ነገር የመጣው በታኅሣሥ 2001 አንድ እንግሊዛዊ ከፓሪስ ወደ ማያሚ በሚበር አውሮፕላን ውስጥ ጫማው ውስጥ የደበቀውን ፈንጂ ሊለኩስ ከሞከረ በኋላ ነው። አሜሪካ በሐምሌ 2025 ይህን አስቀርታለች። የተቀሩት አገሮች ደግሞ የየራሳቸው ልማድ አላቸው። በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ አድርጉ። ካልሲያችሁንም እዩት።

ሻሽ ወይም ሂጃብ ማውለቅ የሚከብዳት ሴት ለብቻዋ ክፍል ውስጥ፣ በሴት ፈታሽ እንድትታይ መጠየቅ ትችላለች። አትፈሩ፣ ጠይቁ።

ፓወር ባንክ

እንዲህ ሆኖ ደንቡ የተገለበጠው በባትሪ ላይ ነው። ሌላው ሁሉ ከተጠራጠራችሁ ከታች ይሂድ ነው የምላችሁ። ፓወር ባንክ ግን ከታች አይሄድም። በእጅ ብቻ። ሊቲየም ባትሪ ከተበላሸ ይግላል፣ ይነዳል፣ እሳቱም በቀላሉ አይጠፋም። ሰው ባለበት ቢነሳ አስተናጋጇ ታየዋለች፣ ውኃ ታፈስበታለች። ጭነት ክፍል ውስጥ ቢነሳ ማን ያየዋል?

መጠኑ በዋት ሰዓት ነው የሚለካው። እስከ 100 ያለ ፈቃድ ይያዛል። ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ከዚያ በላይ አይቻልም። ዕቃው ላይ የተጻፈው ብዙውን ጊዜ ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው። በ3.7 አባዙት፣ ለ1000 አካፍሉት። 20,000 የሚለው 74 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ያልፋል። 30,000 የሚለው 111 ነው፤ ማስፈቀድ ያስፈልገዋል። ጽሑፉ ፈጽሞ የጠፋ ከሆነ ፈታሹ ሊከለክለው ይችላል፤ በርካሽ የገዛችሁትን ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት። ኤምሬትስ ከጥቅምት 2025 ጀምሮ አውሮፕላን ውስጥ መጠቀሙን ከልክሏል፤ መያዝ ብቻ ነው። በር ላይ ደርሳችሁ የእጅ ሻንጣችሁን "ቦታ ሞላ፣ ከታች እንጫነው" ካሏችሁም መጀመሪያ ፓወር ባንኩን አውጡ።

አደራ

ወሬው በተሰማ በሁለተኛው ቀን የአክስቴ በር መንኳኳት ጀመረ። "ለልጄ ይቺን ብቻ።" "ለወንድሜ ትንሽ በርበሬ።" አንዷ አፉ የተሰፋ ጆንያ አመጣች። አክስቴ እምቢ ማለት አታውቅም። እኔ ግን ጆንያውን ፈታሁት። ሴትየዋ ተቀየመችኝ። ውስጡ ሽሮ ብቻ ነበር፤ ይቅርታ ጠየቅኳት። ግን ደግሞ ዛሬም ብትመጣ እፈታዋለሁ። ሻንጣውን ራስሽ አሰርሽ ወይ፣ የሰው ዕቃ ይዘሻል ወይ ብለው የሚጠይቁት ለወግ አይደለም። ሻንጣ ውስጥ የተገኘ ነገር ሁሉ የባለሻንጣው ነው። "አደራ ነው" የሚለው ቃል በሌላ አገር ሕግ የለም።

የእጅ ሻንጣው ኪሎም አለ። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ኢኮኖሚ ከሆነ ሰባት ኪሎ ነው። ዳቦ ቆሎ፣ መድኃኒት፣ አንድ ቅያሪ ልብስና ጀበና ሲገባ አለቀ።

የጉዞው ዕለት በባጃጅ ተያይዘን አስፋልት ድረስ ወጣን፣ ከዚያ በመኪና። ሐዋሳ ላይ ያለፈ ዕቃ ቦሌ ላይም ያልፋል ማለት አይደለም፤ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው እዚያ ተርሚናሉ በር ላይ ይፈተሻል፣ ወደ በረራው ከመግባቱ በፊት ደግሞ እንደገና ይፈተሻል። ውኃ ከመጨረሻው ፍተሻ በኋላ ነው የሚገዛው። ባዶ ጠርሙስ መያዝ ይቻላል። ቀረጥ ነፃ ሱቅ የተገዛ መጠጥ ከነደረሰኙ በታሸገው ፕላስቲክ ውስጥ ይቆይ፤ ትራንዚት ካለ ሳይከፈት መድረስ አለበት።

ሸኚ ካላችሁ ቶሎ አትልቀቁት። ከታች ሊጫን የሚችል ነገር ቢከለከል ወደ ቲኬት መስኮቱ ተመልሳችሁ ማስጫን ትችሉ ይሆናል፤ ጊዜ ካላችሁ። ካልሆነ ሸኚው ተቀብሎ ይመለሳል። አዲስ አበባ ላለ ዘመዳችን ይሄን ነግሬው ቦሌ ውጭ ቆሞ ነበር።

ስልክ ስትደውልልኝ ፍተሻውን አልፋለች። "ዳቦ ቆሎውን አላዩትም እንኳ" አለች። "ጀበናውን ግን አስፈቱኝ። ልጅቷ አየችውና 'ክዳኑስ?' አለችኝ።"

ክዳኑ ምንጣፉ ላይ ቀርቷል።